ዝግመተ ለውጥን አማኝ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል እንዴት ማስተማር ይቻላል?

የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ብዙ ክፍል ውስጥ ከሦስቱ አንዱ ይሆናል። አንዱ መምህር "ይህን ቤታችሁ አንብቡት" ብሎ ያልፋል። ሌላው "እኔም አላምንበትም፣ ለፈተና ስለሚመጣ ግን ያዙት" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የተማሪዎቹን ሃይማኖት ማብጠልጠል ይጀምራል፤ ያስተማረ ይመስለዋል፣ ተማሪው ግን ጆሮውን ዘግቶ ተቀምጦ ጆሮውን እንደዘጋ ይወጣል። ሦስቱም ጋ ትምህርቱ አልተሰጠም።

መሰጠት ግን አለበት፣ ያውም ሳይቆራረጥ። የወባ መድኃኒት ለምን እንደሚቀየር፣ በሽታ ይቋቋማል ተብሎ የተዘራ ስንዴ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለምን ዋግ በሚባለው የፈንገስ በሽታ እንደሚያልቅ ያለዚህ ምዕራፍ ማስረዳት አይቻልም። ነገ ሐኪም፣ የግብርና ባለሙያ፣ የእንስሳት ሐኪም የሚሆነው ይኸው ዛሬ ክፍላችሁ ውስጥ የሚጾመውና የሚሰግደው ልጅ ነው። ከዚህ በታች ያለው በአንድ መስመር ላይ የቆመ ነው፦ ማወቁ ከተማሪው ይጠየቃል፣ ማመኑ አይጠየቅም።

ክፍል ከመግባታችሁ በፊት

ሕጉን እወቁት። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል። አንቀጽ 27 የሃይማኖትና የእምነት ነጻነትን ያስከብራል። አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ፣ ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከባህላዊ አድልዎ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይላል። ሦስቱን አንድ ላይ ያዙ፤ እናንተንም ተማሪውንም ይጠብቃሉና። ምዕራፉን "ሃይማኖቴ አይፈቅድም" ብላችሁ መዝለል አትችሉም፣ የተማሪውን እምነት መንካትም አትችሉም።

"የሥነ ፍጥረቱ ትምህርትም እኩል ሰዓት ይሰጠው" የሚል ጥያቄ ከመጣ መልሱ እዚሁ ነው። የማን ሥነ ፍጥረት? አንድ ክፍል ውስጥ አክሲማሮስን (የስድስቱን ቀን ሥነ ፍጥረት መጽሐፍ) ከአባ ሥር የተማረ፣ ቁርኣን የቀራ፣ በፕሮቴስታንት ሰንበት ትምህርት ያደገና ዋቄፈታ የሆነ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለአንዱ ሰዓት መስጠት ሌላውን መግፋት ነው፤ ለሁሉም መስጠት ደግሞ ባዮሎጂውን መተው ነው። በዚያ ላይ ለእነዚህ ትምህርቶች ከእናንተ የተሻሉ አስተማሪዎች አሉ።

ለርዕሰ መምህሩ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ በየትኞቹ ቀናት ምን እንደምታስተምሩ ጻፉለት። ቅሬታ ሲመጣ ከማንም በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ባልሰማው ነገር ከተጠየቀ ነገሩን ለማብረድ "ዝለለው" ማለቱ አይቀርም።

ቃላቱን አስተካክሉ

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ማብራሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ነው። ጭቅጭቁ ግማሹ የሚወለደው ከዚህ ትርጉም ነው። አማርኛችን ለዚህ ትምህርት አምስት ወጥመድ አለው።

"ያምናሉ"። "ሳይንቲስቶች ድንቅነሽ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደኖረች ያምናሉ" ስትሉ ሳታስቡት ጉዳዩን ከሃይማኖት ጋር ሚዛን ላይ አስቀመጣችሁት። "ለክተው ያገኙት ዕድሜ ይህ ነው" በሉ። "ማስረጃው ያሳያል"፣ "ይደመድማሉ" የሚሉትን ቃላት ልመዱ። "ማን ያምናል? እጅ አውጡ" ፈጽሞ አትበሉ።

"ቲዎሪ"። በመንገድ አማርኛ "ይሄ ቲዎሪ ነው" ማለት በተግባር የማይሠራ ወሬ ማለት ነው። በሳይንስ ግን ቲዎሪ (ንድፈ ሐሳብ) ብዙ የተፈተነ፣ ብዙ ነገር የሚያብራራ ሐሳብ ነው። በሽታ በጀርም ይመጣል የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ሐኪም ግን ከቀዶ ሕክምና በፊት እጁን ይታጠባል። ያልተፈተነው ሐሳብ መላምት ይባላል። ልዩነቱን ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ አታጥፉት።

"የተፈጥሮ ምርጫ"። ምርጫ ካለ መራጭ አለ፤ ተማሪው ወዲያው "ማን መረጠ?" ይላል፣ ልክም ነው። ቃሉን አትተዉት፣ ፈተና ላይ አለ፤ ግን ወንፊትን አሳዩት። ወንፊት አይመርጥም፤ ከቀዳዳው የሚያንሰው ያልፋል፣ የሚበልጠው ይቀራል። ቀዳዳው ሲቀየር የሚያልፈውም ይቀየራል።

"ተላመደ"። "ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላመደው" ሲባል እያንዳንዱ ባክቴሪያ ታግሎ የጠነከረ ይመስላል። የሆነው ሌላ ነው፤ ከመድኃኒቱ በፊት ጥቂት የሚቋቋሙ ነበሩ፣ ሌሎቹ ሲሞቱ እነሱ ተባዙ።

"ዝንጀሮ"። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በየቀኑ አማርኛ ያሉን ዝንጀሮ፣ ጦጣና ጉሬዛ ናቸው። ቺምፓንዚና ጎሪላ የሚመደቡበት፣ ጭራ የሌላቸው ትላልቅ እንስሳት ቡድን የተለመደ ስም የለውም። ስለዚህ ሁሉንም "ዝንጀሮ" እንላለን፣ ልጁም ሰሜን ተራሮች ላይ ሣር የሚነጨውን ጭላዳ እያሰበ "ከዚህ ነው የመጣሁት?" ይላል። አይደለም። ጭላዳም ቺምፓንዚም ዛሬ በሕይወት ያሉ እንስሳት ናቸው፤ ማንም ከእነሱ አልመጣም። "ቺምፓንዚ" እና "ጎሪላ" የሚሉትን ስሞች እንዳሉ ተጠቀሙ።

ለማስረዳት ሰባት ቤት መቁጠርን የሚያህል የለም። ጋብቻ ሲታሰብ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ይቆጥራሉ፤ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸው። የአጎታችሁ ልጅ አባታችሁ አይደለም፤ አያታችሁ ግን አንድ ናቸው። ይህን የዘር ሐረግ ሰሌዳ ላይ በሁለት ሰው ስም ሳሉት። ከዚያ ስሞቹን አጥፍታችሁ በአንደኛው ጫፍ ሰው፣ በሌላው ቺምፓንዚ ጻፉ፤ መገናኛው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ነው፣ የተገናኙበትም ፍጥረት ሰውም ቺምፓንዚም አልነበረም። ጭላዳን ለመጨመር መገናኛውን ከዚያ በጣም ከፍ አድርጋችሁ፣ ወደ 25 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያም ወደ ኋላ ውሰዱት።

በስንዴ ጀምሩ፣ በሰው አትጀምሩ

ስምንት ክፍለ ጊዜ ካላችሁ የመጀመሪያውን ለቃላቱ፣ ሁለተኛውን ለስንዴና ለወባ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ከታች ለሚመጣው የቦሎቄ ሙከራ፣ አምስተኛውን ለዘረ መልና ለሚውቴሽን፣ ስድስተኛውን ለጊዜ መለኪያ፣ ሰባተኛውን ለሰው ቅሪተ አካል፣ ስምንተኛውን ለጥያቄና ለክለሳ አድርጉ። ሰዓት ካነሰ ከአምስተኛው ቀንሱ፤ ዘረ መል በሌላም ቦታ ይመጣል። ከሦስተኛው አትቀንሱ።

የሰው ጉዳይ መጀመሪያ ከመጣ ተማሪው እስከ ምዕራፉ መጨረሻ እየተከላከለ ይቆያል። በዋግ ሲጀመር ግን የሚከላከለው ነገር የለም። ኩብሳ የሚባለው የስንዴ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2010 በቢጫ ዋግ ክፉኛ ተመታ። ብዙ አርሶ አደሮች ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለው ዲገሉ ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ዲገሉን ባሌ ላይ የግንድ ዋግ አጠፋው። ተማሪዎቹን ጠይቋቸው፦ ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ስንዴ ሲሆን በንፋስ ከሚመጡት የዋግ ብናኞች ዲገሉን ማጥቃት የማይችሉት ምን ይሆናሉ? የሚችሉትስ? ራሳቸው "ያልቻሉት ይሞታሉ፣ የቻሉት ይሞላሉ" ካሉ የምዕራፉን ልብ አግኝተውታል። "ዝግመተ ለውጥ" የሚለውን ቃል የጻፉት ከዚህ በኋላ ይሁን።

ወባውም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ ክሎሮኪን ሲከሽፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ፋንሲዳር፣ እሱም ሲከሽፍ በ2004 ወደ ኮአርተም ዞራለች። ቆላ አካባቢ የምታስተምሩ ከሆነ ሦስቱንም ስም የሚያውቅ ወላጅ በየቤቱ አለ፤ ተማሪዎቹ ጠይቀው እንዲመጡ የቤት ሥራ ስጡ።

አንዳንዱ ተማሪ እዚህ ላይ "ይህ ትንሹ ለውጥ ነው፣ ትልቁን አልቀበልም" ይላል። አትጨቃጨቁት። መሠረቱን ይዟል፤ ትልቁን ለውጥ የሚደግፈውን ማስረጃ ከቅሪተ አካልና ከዘረ መል በየተራው ታሳዩታላችሁ።

የቦሎቄው ሙከራ

የሚያስፈልገው፦ ነጭ ቦሎቄና ቀይ ቦሎቄ፣ ከእያንዳንዱ 80 ፍሬ፤ አራት ኩባያ፤ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ቀይ አፈር፤ ተመሳሳይ ስፋት ያለው ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት። ፍሬዎቹ በመጠን መቀራረብ አለባቸው። ነጩ ትልቅ፣ ቀዩ ትንሽ ከሆነ ተማሪው ያነሳው በቀለሙ ይሁን በትልቅነቱ አይታወቅም፣ ሙከራውም ዋጋ ያጣል። ስለዚህ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ልቀሙት።

30 ነጭና 30 ቀይ ቀላቅላችሁ አፈሩ ላይ በትኑ። አራት ተማሪዎች "ወፍ" ሆነው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቁሙ። ስትጠሯቸው ይዙሩና እያንዳንዳቸው 10 ፍሬ ያንሱ፣ በሁለት ጣት፣ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን ኩባያ ውስጥ ሳይጨምሩ ሌላ ሳያነሱ። መጀመሪያ ዓይናቸው የገባውን ያንሱ፣ አይምረጡ። 40 ተነሥቶ 20 ይቀራል።

የቀረውን ከአፈር ላይ አትቁጠሩ፣ ይጠፋባችኋል። ኩባያ ውስጥ ያለውን ቆጥራችሁ ከበተናችሁት፣ መጀመሪያ ላይ ከ30፣ ቀንሱ። ለምሳሌ 22 ነጭና 18 ቀይ ከተበላ 8 ነጭና 12 ቀይ ተርፏል። ለእያንዳንዱ የተረፈ ሁለት የራሱን ቀለም "ልጆች" ጨምሩ፤ 24 ነጭና 36 ቀይ ይሆናል፣ ድምሩ እንደገና 60። ሦስት ትውልድ ድገሙና ቁጥሩን በሠንጠረዥ አስፍሩ። በሌላኛው ክፍለ ጊዜ ያንኑ በነጩ ከረጢት ላይ ሥሩ። አቅጣጫው ይገለበጣል፤ "የተሻለ" የሚባለው ቦታውን ተከትሎ እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

የሚበላሸው የት ነው? ተማሪው በእፍኝ ካነሳ ውጤቱ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። አፈሩ ደርቆ ከነጣ ቀዩም ይታያል፤ ከመበተናችሁ በፊት ትንሽ ውኃ ርጩበት። አንዳንዴ ሁሉም በትክክል ተሠርቶ ነጩ ይበዛል። ቁጥሩን አታስተካክሉት። በትንሽ ቁጥር ዕድል ብቻውን ውጤት ይቀይራል፤ ይህም ራሱ የምዕራፉ አካል ነው። ድገሙትና የሁለቱን ቡድን ቁጥር ደምሩ።

ሲያልቅ አንድ ፍሬ ቀይ ቦሎቄ አንሡና "ይህ ፍሬ ቀለሙን ቀይሯል?" በሉ። አንድም አልቀየረም። የተቀየረው የመንጋው ድርሻ ነው። ይህን ያልጠየቀ መምህር ተማሪዎቹ "ቦሎቄው ቀይ ሆነ" ብለው እንዲወጡ ፈቅዷል።

46 ሜትር ሲባጎ

አንድ ጥቅል ሲባጎ ግዙና ወጥራችሁ 46 ሜትር ለኩ፤ ሳይወጠር ከተለካ ይለጠጣል። 1 ሜትር 100 ሚሊዮን ዓመት፣ 1 ሴንቲ ሜትር 1 ሚሊዮን ዓመት ነው። አንዱን ጫፍ ክፍሉ በር ላይ እሰሩት፤ ያ ዛሬ ነው። ሌላው ጫፍ ግቢው ማዶ የምድር መጀመሪያ ነው። 35 ሜትር ላይ ከጥንታዊ የሕይወት አሻራዎች አንዱን፣ 66 ሴንቲ ሜትር ላይ የዳይኖሰሮችን መጥፋት በጨርቅ ምልክት አድርጉ።

በሩ አጠገብ ያለው በጨርቅ አይሆንም። የመጨረሻዋን 5 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ የሰው ዘር ቅሪተ አካላቱን በሹል እርሳስ አስምሩ፦ 4.4 ሴንቲ ሜትር ላይ ከመካከለኛው አዋሽ የተገኘችው አርዲ፣ 3.3 ላይ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ የተገኘችው ሕፃኗ ሰላም፣ 3.2 ላይ በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ። ከዚያ ሚሊ ሜትር ይጀምራል፤ የኦሞ ኪቢሽ ሰው በ2.3 ሚሊ ሜትር፣ የሄርቶ ሰው በ1.6። የእርሳሱ መስመር ስፋት ብቻ አሥር ሺዎች ዓመታትን ይሸፍናል። ከልደተ ክርስቶስ ወዲህ ያለው ዘመን 0.02 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከፀጉር ክር የቀጠነ።

ዕድሜው እንዴት ተለካ የሚለውን ሳታስረዱ አትለፉ። በጣም የተለመደው ስሕተት "በካርቦን 14" ማለት ነው። ካርቦን 14 ወደ 50,000 ዓመት ገደማ ላይ ያበቃል፤ ለድንቅነሽ አይደርስም። አፋር ላይ የሚለካው ከአጥንቱ በላይና በታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ በውስጡ ያለው አርጎን ጋዝ ያመልጣል። ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ይጀምራል፤ ፖታሲየም 40 ቀስ እያለ ወደ አርጎን 40 ይለወጣል፣ ጋዙም እዚያው ይታሰራል። የታሰረው መጠን ዕድሜውን ይናገራል።

አዲስ አበባ ወይም አቅራቢያ ያላችሁ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውሰዷቸው። ለእይታ የቀረበችው ድንቅነሽ ቅጂ እንደሆነች አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እዚያ ከሰሙት "ታዲያ እውነተኛው የለም ማለት ነው" ይባላል። እውነተኛው አጥንት ለጥበቃ ተለይቶ ተቀምጧል።

ከባዱ ጥያቄ

የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የነበረ ልጅ እጁን ያወጣና "በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ዓመተ ዓለም 5500 ዘመንና ዓመተ ምሕረት ተደምሮ ሰባት ሺህ ምናምን ነው። የትኛው ነው ልክ?" ይላል። ይህ ከድፍረት የመጣ ጥያቄ አይደለም፤ ሁለቱንም በቁም ነገር የያዘ ልጅ ብቻ ነው የሚጠይቀው። አመስግኑት። ከዚያ የምታውቁትን ብቻ መልሱ፦ "ባሕረ ሐሳብ በምን ስሌት እንደሚሠራ መምህርህን ጠይቅ፤ እኔ የአመዱ ዕድሜ በምን ስሌት እንደሚገኝ አሳይሃለሁ። ፈተና ላይ የምጠይቅህ የእኔን ነው።" ሁለቱን አስታርቃችሁ ለማሳየት አትሞክሩ። ቅዱስ መጽሐፉን ለልጁ መተርጎም የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ብትሞክሩት የግማሹን ክፍል እምነት ስታስታርቁ የሌላውን ትነካላችሁ።

ይልቅ አማኝ ሆነው በዚህ ሥራ የኖሩ ሰዎች እንዳሉ መንገር ይጠቅማል። የዘረ መል ተመራማሪው ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። የሰው ዘረ መል ፕሮጀክትን የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስ ወንጌላዊ ክርስቲያን ነው። ዮርዳኖሳዊቷ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ራና ዳጃኒ ሙስሊም ናት፣ ዝግመተ ለውጥንም በዩኒቨርሲቲ አስተምራለች። ሦስቱንም አንድ ላይ ጥሩ፤ አንዱን ብቻ ከጠራችሁ ለአንድ ወገን የቆማችሁ ይመስላል። "ስለዚህ እናንተም ተቀበሉ" ብላችሁ ግን አትጨምሩ።

ወላጅ ወይም የሃይማኖት አባት ቅሬታ ይዘው ከመጡ ከመቀመጫችሁ ተነሡ፣ እንደየደንባቸው ሰላም በሉ፣ አስቀምጧቸው። መጀመሪያ ልጁ ምን ብሎ እንደነገራቸው ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ "ከዝንጀሮ ነው የመጣችሁ ተብለናል" ነው፣ ያንንም አላላችሁም። ደብተሩን ከፍታችሁ አሳዩ። "አባቴ፣ ልጅዎ የሚፈተነው ሳይንሱ ምን እንደሚል በማወቁ ነው። ምን ብሎ እንደሚያምን አልጠየቅሁትም፣ አልጠይቀውምም። እቤት የሚያስተምሩትን እኔ አልነካም።" አብዛኛው ሰው የፈራው ልጁ እንዳይነጠቅ ነው። ልጁ ከክፍል ይውጣ የሚል ጥያቄ ከመጣ ግን በትሕትና እምቢ በሉ፤ ለብሔራዊ ፈተና ከጓደኞቹ እኩል መዘጋጀት መብቱ ነው።

ፈተናውና እርማቱ

ጥያቄውን የምትጽፉበት መንገድ እስካሁን የሠራችሁትን ያቆመዋል ወይም ያፈርሰዋል። "ሰው እንዴት ተገኘ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይህ ለአማኝ ልጅ የኑዛዜ ጥያቄ ነው። "በዝግመተ ለውጥ ንድፈ ሐሳብ መሠረት የሰውና የቺምፓንዚ ዝምድና ምን ይመስላል? ሁለት ማስረጃ ጥቀስ" በሉ። "እውነት ወይም ሐሰት" ውስጥም ያንኑ መነሻ ሐረግ አስገቡ።

መልሱን በትክክል ጽፎ ከሥሩ "እኔ ግን በእግዚአብሔር ፈጣሪነት አምናለሁ" ወይም "አላህ ፈጠረን" ብሎ የጨመረ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይሰጠው። ዓረፍተ ነገሩን አታስምሩበት፣ አስተያየትም አትጻፉበት። ይህን ብቻ ጽፎ መልሱን የተወ ከሆነ ዜሮ ከመስጠታችሁ በፊት ወረቀቱን መልሱለት፤ "ያመንከውን አንብቤያለሁ፣ አሁን የተጠየቅኸውን ጻፍልኝ" በሉና አሥር ደቂቃ ስጡት። ብዙዎቹ መልሱን ያውቁታል። መጻፉ እምነታቸውን የሚያስክድ መስሏቸው ነው የተዉት።